የማይታየው ሕመም፦ የነርቭ ቃጠሎና መድኃኒቱ

ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉን አሳይቶ ያሳምናል። ነርቩ የታመመ ሰው ግን የሚያሳየው ነገር የለውም። እግሩ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ሌሊት ግን እንደ ፍም ያቃጥለዋል፣ እንደ መርፌ ይወጋዋል፣ ብርድ ልብሱ ሲነካው እንኳ ያመዋል። ጠዋት ሲናገር አንዱ «ብርድ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «ሲሕር ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ከሥራ ለመሸሽ ሰበብ የፈለገ ይመስለዋል።

መንስኤው ምንድን ነው?

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከልክ ሲያልፍ ነርቮችንና እነሱን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ረዣዥሞቹ ነርቮች ከሚያበቁበት ከእግር ጣቶች ይጀምራል። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የሥጋ ደዌና ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድም ነርቭን ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ ምክንያቱን በምርመራ ማወቅ ይቀድማል።

ስለ መድኃኒቱ

ፓራሲታሞልና መሰል ማስታገሻዎች ለዚህ ሕመም ብዙም አይረዱም። ሐኪሞች ከሚያዟቸው መካከል አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ይገኛሉ። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አሚትሪፕቲሊን መጀመሪያ ለድብርት ሕመም የዋለ መድኃኒት ነውና፣ ይህን ከጎረቤት የሰማች እናት «አእምሮዋን ታማለች ተብዬ ነው» ብላ ክኒኑን ትጥለዋለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ነርቭ ወደ አንጎል የሚልከውን የሕመም መልእክት ስለሚያዳክም ነው የታዘዘላት።

ብዙውን ጊዜ ማታ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ጥቅሙ እስኪታወቅ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ማለት አይገባም። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲነሱም ሊያዞር ይችላል። የልብ ሕመም፣ ግላኮማ ወይም ሽንት የመሽናት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆምም ጉዳት አለው። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አያድስም፤ የስኳር ሕመምተኛ ጉዳቱ እንዳይብስበት ስኳሩን መቆጣጠር አለበት።

ዉዱእና የእግር ጥበቃ

ቃጠሎ ጠፋ ማለት ሁልጊዜ ተሻለ ማለት አይደለም፤ እግሩ ስሜቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሚስማር ቢወጋው፣ ከሰል ቢያቃጥለው ሰውየው አያውቅም። በዚህ ረገድ ዉዱእ ትልቅ ጸጋ ነው፤ እግርን በየቀኑ ለማየት ዕድል ይሰጣል። የውኃውን ሙቀት ጤነኛ ሰው በእጁ ይፈትንለት፤ በጣቶች መካከል በደንብ ይደረቅ፤ ጫማ ከመጫማት በፊት ውስጡ ይፈተሽ። ኹፍ ላይ የሚያብስም ቢሆን ማታ አውልቆ እግሩን ይመልከት። ለሐጅ የሚሄድ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ በጋለ ወለል ላይ ባዶ እግሩን አይርገጥ።

መቆም ያቃተው ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዶለታል። ረመዷን ሳይገባም የስኳር መድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ ጾም የሚጎዳውን ሕመምተኛ ሸሪዓው አላስጨነቀውም።

ወንድሞችና እህቶች! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አስተምረዋል። ሰብር ማለት መድኃኒትን መተው አይደለም፤ ተወኩልም ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መስጠት ነው። በቤታችን «እግሬን አቃጠለኝ» የሚሉ አባት ወይም እናት ካሉ፣ ዛሬ ማታ እግራቸውን በመብራት እንይላቸው፤ ነገም ሐኪም ዘንድ እናድርሳቸው። አላህ ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን ይላክልን፤ አሚን።