የሴት ልጅ ጋብቻና ትምህርቷ፤ ከሠርቶ ማሳያ የተገኘ ምክር



አዲስ ዘር ሲመጣላችሁ በወሬ ብቻ አትቀበሉትም። አንዱ ማሳ በአዲሱ ዘር፣ ጎኑ ያለው ደግሞ በቀድሞው ይዘራል፤ በመከር ጊዜ የሁለቱን ምርት መዝናችሁ ትፈርዳላችሁ። ይህም ሠርቶ ማሳያ ይባላል። የቤተሰብንና የወጣቶችን ኑሮ የሚያጠኑ ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ለአንዱ መንደር ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ኑሮው የሚመሳሰለውን ሌላ መንደር እንዳለ ይተዉታል፤ በመጨረሻም ሁለቱን ያመዛዝናሉ። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሴቶች ልጆች ጋብቻ በዚህ መንገድ የተገኘውን ትምህርት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ለምን ያሳስባል?

በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ይሁን እንጂ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደታየው፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነው ሴቶች መካከል ግማሾቹ ያገቡት ገና በ17 ዓመታቸው ገደማ ወይም ከዚያ በፊት ነው።

አባት ልጁን ቶሎ የሚድረው ጠልቷት አይደለም። ጠለፋን ይፈራል፤ ከደኅና ቤተሰብ ጋር መዛመድን ይመኛል፤ የሁለት ልጆችን ድግስ ባንድ ቀን ደግሶ ወጪ መቆጠብ ይሻል፤ ደብተርና እርሳስ መግዛትም ይከብደዋል። ነገር ግን ሰውነቷ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ምጥ ይጠናባታል፤ ፌስቱላ ለሚባለው ክፉ ጉዳትም ትጋለጣለች። ጋብቻውን የሸሸችውም ወደማታውቀው ከተማ ትኮበልላለች።

በሞሰቦ መንደር የታየው

በ2004 በአማራ ክልል በሞሰቦ መንደር «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ተጀመረ። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የጥናት ድርጅት ከመንግሥት የወጣቶችና ስፖርት መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ያካሄደው ነው። ልጃገረዶች በጎልማሳ ሴት መሪነት በቡድን ይሰበሰቡ ነበር። ተማሪዎቹ የትምህርት መሣሪያ ተሰጣቸው፤ ትምህርት ቤት ያልገቡት ንባብና ጽሕፈት ተማሩ። ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎችም በጉዳዩ ላይ እየተሰበሰቡ ተወያዩ።

በ2006 መንደሩ ድጋፍ ካላገኘው መንደር ጋር ተመዛዘነ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች በትምህርት ላይ የተገኙት በሞሰቦ ይበልጡ ነበር፤ የማግባታቸውም ዕድል ከሌላው መንደር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሆነ። ይሁንና ምርቱ ሁሉ አላማረም፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል እንዲያውም በሞሰቦ ያገቡት በዝተው ተገኙ።

ስለዚህ ሁለተኛ ሙከራ በሌሎች ቦታዎች ተደረገ። በአንዱ ቦታ የትምህርት መሣሪያ ብቻ ተሰጠ፤ በሌላው የማኅበረሰብ ውይይት ብቻ ተካሄደ፤ በሦስተኛው ልጅቱ ሳታገባ በትምህርቷ ለቆየችበት ለያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ ተሰጠ፤ በአራተኛው ሁሉም ባንድነት ተሠራ። ውጤቱም የሚከተለው ነው። የትምህርት መሣሪያ በተሰጠበት ቦታ ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት የማግባታቸው ዕድል ምንም ድጋፍ ካልተሰጠበት ቦታ በ94 በመቶ አነሰ። ዶሮ በተሰጠበት ቦታ ደግሞ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉት የማግባት ዕድል በግማሽ ቀነሰ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልማድ አይለወጥም ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ነገር ግን ትንሿን ልጅ ትምህርት ቤት ያቆያት የደብተር ዋጋ ነው፤ ለትልቋ ደግሞ የሁለት ዶሮ ጥቅም ነው።

ለኮልፌ ቀራንዮ አንባቢዎቻችን

በኮልፌ ቀራንዮ ላም የምታረቡና አትክልት የምታለሙ ሁሉ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። በረት የምትጠርግላችሁ፣ ወተት የምታደርስላችሁ ልጅ ከገጠር የመጣች ልትሆን ትችላለች። በ2006 በአዲስ አበባ «ብሩህ ተስፋ» የተባለ ፕሮግራም እንዲህ ላሉ ከትምህርት ውጭ ለሆኑ ልጃገረዶች ተጀምሮ ነበር። ሴቶች አስተማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልጆቹን ይፈልጉ ነበር፤ ሠራተኛ የሆነችውን ለማስተማር ግን አስቀድሞ አሠሪዋን ማስፈቀድ ነበረባቸው። የልጅቱ ትምህርት የተንጠለጠለው በአሠሪዋ ቃል ላይ ነበር ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

1. ከምታረቧቸው ዶሮዎች ሁለቱን ለልጃችሁ መድቡላት። በእንቁላሉ ሽያጭ ደብተሯ ይገዛ።

2. ትምህርት ቤት ሩቅ ከሆነ የጎረቤት ልጃገረዶች አብረው እንዲሄዱ አድርጉ፤ የጠለፋ ሥጋት ይቀንሳል።

3. የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ገበሬ በምትሰበስቡበት ቀን ስለዚህም ጉዳይ እናቶችና አባቶች ባንድነት እንዲመክሩ ጊዜ ስጡ። ስለ አሥራ አምስት ዓመቷ ልጅም ተነጋገሩ፤ ፈተናው የጠናው በርሷ ላይ ነውና።

4. ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ያላችሁ፣ የማታ ትምህርት እንድትማር ፍቀዱላት፤ ሰዓቷንም ሥራ አትደርቡባት።

ጥጃ ሳትጠና አትጠቃም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለልጃችሁም ከጥጃዋ ያላነሰ ጊዜ ስጧት።