አንድ ሕግ፣ የተለያየ አገልግሎት፦ በጣሊያን ጽንስ የማቋረጥ ሕክምና ከክልል ክልል ለምን ይለያያል?

በጣሊያን ጽንስ ማቋረጥን የሚመለከተው ሕግ አንድ ነው። በሚላኖ የምትኖር ሴትም ሆነች በፓሌርሞ የምትኖር በሕጉ ፊት እኩል መብት አላቸው። በተግባር ግን አንዷ በቅርቧ ካለው የመንግሥት ሆስፒታል የምታገኘውን አገልግሎት ሌላዋ ለማግኘት ረጅም መንገድ መጓዝ ሊኖርባት ይችላል። ልዩነቱ ከየት መጣ?

በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቁጥር 194 አንዲት ሴት በጤና፣ በኢኮኖሚ፣ በማኅበራዊ ወይም በቤተሰብ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ውስጥ ጽንስ እንድታቋርጥ ይፈቅዳል። ሕክምናው በሕዝብ የጤና አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። አስቸኳይ ካልሆነ በቀር የሐኪም ማረጋገጫ ከተሰጠ በኋላ ሰባት የማሰላሰያ ቀናት ይጠበቃሉ። በ1981 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔም መራጩ ሕዝብ ሕጉ እንዲጸና ወስኗል።

የልዩነቱ አንዱ ምንጭ የሕጉ አንቀጽ 9 ነው። አንቀጹ ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች ኅሊናቸው ካልፈቀደ በሕክምናው እንዳይሳተፉ ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ የሴትየዋ ሕይወት አደጋ ላይ በወደቀበት ጊዜ አይሠራም፤ ከሕክምናው በፊትና በኋላ የሚሰጠውን እንክብካቤም አይመለከትም። በሌላ በኩል ሆስፒታሎች አገልግሎቱን እንዲያቀርቡ፣ ክልሎችም ይህንኑ እንዲቆጣጠሩ ሕጉ ያስገድዳል።

በጣሊያን የጤና አገልግሎትን የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው። የጤና ሚኒስቴር በ2020 እ.ኤ.አ. በሰበሰበው መረጃ መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ ከአሥር የማኅጸን ሐኪሞች ከስድስት የሚበልጡት በኅሊና ምክንያት ሕክምናውን አይሰጡም። በሲሲሊ ቁጥሩ ከመቶ 80 ሲያልፍ፣ በቫሌ ዳኦስታ ግን ወደ አንድ አራተኛ ዝቅ ይላል። በትንሿ የሞሊዜ ክልል ለዓመታት ሸክሙ የወደቀው በአንድ ሐኪም ትከሻ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ የክልል አስተዳደሮች ውሳኔ ነው። ጽንስ የሚያቋርጠው መድኃኒት በጣሊያን የተፈቀደው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኡምብሪያ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ሦስት ቀን ሆስፒታል እንድትተኛ ስትወስን፣ ቶስካና ከሆስፒታል ውጭ ባሉ የጤና ተቋማት እንዲሰጥ ፈቀደች። በዚያው ዓመት የጤና ሚኒስቴር እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ድረስ ሳይተኙ መታከምን የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ፤ ሆኖም ክልሎች በአፈጻጸሙ እኩል አልተራመዱም።

ሚኒስቴሩ በዓመት የሚፈጸመው የጽንስ ማቋረጥ ቁጥር በ1982 እ.ኤ.አ. ከነበረበት ከ234,000 በላይ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 66,000 ገደማ በመውረዱ ያሉት ሐኪሞች በቂ ናቸው ይላል። ይሁን እንጂ የአገሪቱ አማካይ ቁጥር ሐኪም የሌለበትን ሆስፒታል አያሳይም። የአውሮፓ የማኅበራዊ መብቶች ኮሚቴም በ2014 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጋቸው ውሳኔዎች ጣሊያን የሴቶችን የጤና መብት በበቂ ሁኔታ እንዳላስጠበቀች ገልጿል።

ጉዳዩ በጣሊያን ቤቶች ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያትንና ሌሎች ስደተኞችንም ይነካል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ሴት እንኳ «ኤስ ቲ ፒ» የተባለውን ጊዜያዊ የጤና መለያ ቁጥር አውጥታ ልትታከም ትችላለች፤ የጤና ተቋሙም ለሕክምና በመምጣቷ ብቻ ለፖሊስ አያሳውቅም። ነገር ግን በአቅራቢያ አገልግሎት ከሌለ የመንገዱ ወጪ፣ ከሥራ መቅረቱና የቋንቋው ችግር ይደራረባል፤ የ90 ቀኑ ገደብ ግን አይራዘምም። ስለዚህ ቀዳሚው እርምጃ «ኮንሱልቶሪዮ» ወደሚባለው የሕዝብ የቤተሰብ ምክር ማእከል ሳይዘገዩ ሄዶ፣ አገልግሎቱ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚሰጥ መጠየቅ ነው።