ፊደልን በቦታው የሚቆጥረው ስክሪፕት

የመናገሻው ከተማ ስም በ«ጎ» ይጀምራል የሚል ትንቢት ነበረ ይባላል። እንደ አፈ ታሪኩ አፄ ሠርፀ ድንግል በጉዛራ፣ አፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ የተቀመጡት ይህንኑ ተከትለው ነው፤ አፄ ፋሲለደስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን ቆረቆሩ። ማመን አለማመን የሰሚው ድርሻ ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊ ግን ነገሩ የሥራ ትእዛዝ ይመስላል፦ የቦታ ስሞችን ሰብስብ፣ የመጀመሪያውን ፊደል እይ፣ የትኛው ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠር።

ተራ የፊደል ቆጠራ «ራ በጠቅላላው ስንት ጊዜ አለ?» ብሎ ያበቃል። በቦታ የሚቆጥረው ስክሪፕት አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ «የት ላይ?» በፓይተን ቢጻፍ ከአሥር መስመር አይዘልም። እያንዳንዱን ስም ከዝርዝሩ ያነሣል፣ ፊደል በፊደል ይሄዳል፣ ለእያንዳንዱ ቦታ በተዘጋጀው መዝገብ ላይ ያገኘውን ፊደል በአንድ ያሳድጋል። ፓይተን መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ስለሆነ የእኛ አንደኛ ፊደል ለእርሱ ዜሮኛ ነው።

እስቲ በጎንደርና በአካባቢዋ አሥር ስሞች እንሞክረው፦ ጎንደር፣ ጎርጎራ፣ ጉዛራ፣ ደንቀዝ፣ ደምቢያ፣ ደባርቅ፣ ዳባት፣ ወገራ፣ ጃናሞራ፣ በየዳ። በአንደኛው ቦታ ደ 3፣ ጎ 2 ያገኛሉ፤ ጉ፣ ዳ፣ ወ፣ ጃ እና በ አንድ አንድ። የትንቢቱ «ጎ» ሁለተኛ ወጣ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ደንቀዝም ራሷ የሱስንዮስ መናገሻ ነበረች፤ አፈ ታሪኩ ስለ እርሷ ዝም ይላል።

ጉዛራስ? ስሟ የሚጀምረው በጎ ሳይሆን በጉ ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ቆጣሪ ከላቲን ፊደል ቆጣሪ ጋር ይለያያል፤ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ነገር አለ፦ የሚቆጠረው ፊደሉ ነው ወይስ ቤቱ? በቤት ከተቆጠረ የደ ቤት 4፣ የገ ቤት 3 ይሆናል።

ቤቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ሀን 4608 ላይ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ሰጠ። ከፊደሉ ቁጥር 4608 ቀንሶ ለ8 ማካፈል ብቻ ነው፤ ድርሻው ቤቱን፣ ቀሪው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ተራ ይነግራል። ራ 4651 ነው፤ ሲቀነስ 43፣ ለ8 ሲካፈል 5 ደርሶ 3 ይቀራል። ከዜሮ ለቆጠረ ሰው 3 ራብዕ ነው።

ስሌቱ ግን በጎንደር ስም ላይ ይሰናከላል። ብዙዎች ከተማዋን «ጐንደር» ብለው ይጽፏታል፣ ጐ ደግሞ ከገ ቤት ወጥታ በሚቀጥለው ረድፍ፣ 4880 ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ ስክሪፕቱ ጎንደርንና ጐንደርን ሁለት ከተማ፣ ያውም የሁለት የተለያዩ ቤቶች ልጆች ያደርጋቸዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም ያው ናቸው። ከቆጠራ በፊት አንድ ዓይነት አጻጻፍ ላይ ማስማማት የግድ ነው፤ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ያለ እርሱ ግን የሚወጣው ሠንጠረዥ አይታመንም።

አሁን ወደ ስሞቹ መጨረሻ እንሂድ። ከግራ ሲቆጠር ራ በሦስተኛው ቦታ 2፣ በአራተኛው 2 ሆኖ ተበታትኖ ይገኛል፤ አራቱ ስሞች ሦስት ፊደል ብቻ ስላላቸው አራተኛ ቦታ የላቸውም። አንዱን ትእዛዝ ለውጦ ከኋላ ማስቆጠር ይበቃል፦ ከአሥሩ አራቱ፣ ጎርጎራ፣ ጉዛራ፣ ወገራና ጃናሞራ፣ በራ ያበቃሉ። ይህን ለቅኔ ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። የጉባኤ ቃና ሁለቱ ስንኞች ቤት መምታታቸው የሚታየው በመጨረሻው ፊደል ነው።

ተራውን ብቻ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። መጨረሻ ላይ 6 ራብዕና 4 ሳድስ ሲኖሩ፣ መጀመሪያ ላይ አንድም ሳድስ የለም። ጭልጋ ብትጨመር ግን ያ ዜሮ ወዲያው ይፈርሳል። አሥር ስም ስክሪፕቱን ለመፈተሽ እንጂ ስለ አካባቢው ስሞች ለመፍረድ አይበቃም።

በዓለም ላይ ይህ ዓይነቱ ቆጠራ ምስጢር ሲፈታበት ኖሯል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋው አል ኪንዲ ምስጢራዊ ጽሑፍን በፊደላት ብዛት እንዴት መፍታት እንደሚቻል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1863 ጀርመናዊው መኮንን ፍሪድሪክ ካሲስኪ ያሳተመው ዘዴ ቦታን ጨመረበት፦ ቁልፉ አምስት ፊደል ከሆነ 1ኛው፣ 6ኛውና 11ኛው ፊደል በአንድ የቁልፍ ፊደል ስለተሸፈኑ ለብቻቸው ይቆጠራሉ። የዘረ መል ተመራማሪዎችም ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲን በየቦታቸው የሚቆጥሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ከስም ዝርዝር ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ለሚሞክረው ሰው አማርኛ ሌላ ፈተና ያቀርብለታል። «የጎንደር»፣ «ከደባርቅ»፣ «ለወገራ» ሲባል ስሙ በሙሉ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይገፋል፣ አንደኛውንም ቦታ የ፣ ከ፣ ለ እና በ ይወሩታል። መነሻዎቹን ቆርጦ የሚጥል ስክሪፕት መጻፍ ይቻላል፤ በየዳ ላይ ሲደርስ ግን በን መስተዋድድ መስሎት ይቆርጥና የትም የሌለች «የዳ» የምትባል ወረዳ ይፈጥራል። መላው የታወቁትን ስሞች በዝርዝር ይዞ፣ ከመቁረጥ በፊት እዚያ መፈለግ ነው።