ክብደት ቀንሶ ቦርጭ ለምን ይቀራል?

በጡዋልና በጂዛን ሙቀት ስንሠራ ውለን ፊታችንና ክንዳችን ከስቶ ሆዳችን ብቻ እንዳለ ሲቀር ግራ እንጋባለን። ምክንያት አለው።

ሰውነት ስብ የሚያቃጥለው ከመላ አካል እንጂ እኛ ከመረጥነው ቦታ አይደለም። ስለዚህ ሆድን ጠፍሮ ማሰር ቦርጭ አያጠፋም። የወለድን ከሆነ ደግሞ የቀረው የላላ ቆዳ ወይም የተራራቀ የሆድ ጡንቻ ሊሆን ይችላል።

ወለል መወልወልና ደረጃ መውጣት እንቅስቃሴ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለን እንቅልፍና ሰዓቱን የጠበቀ ምግብ ነው። እንግዳ ከተሸኘ በኋላ በእኩለ ሌሊት የተረፈ ሩዝ መብላትና ስኳር የበዛበት ሻይ መደጋገም ሆድ ላይ ይታያል። የጾም ምግብም ዘይት ከበዛበት ያወፍራል። ሩዙን ቀንሰን ምስርና አትክልት እንጨምር፤ ሻዩንም ቀስ በቀስ ስኳር እንቀንስለት።

ለውጡን በሚዛን ብቻ አንመዝን። ከጎድን አጥንት በታች፣ ከዳሌ አጥንት በላይ ወገባችንን በሜትር እንለካ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለስኳርና ለልብ በሽታ የመጋለጥ ዕድል ይጨምራል።

«የሚያከሳ» ከሚባል ኪኒንና ቡና እንጠንቀቅ። ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒት የልብና የአንጎል ጉዳት ስለሚያስከትል በ2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል፤ ሆኖም «ከዕፅዋት የተሠራ» በሚባሉ ማክሻዎች ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል።

ሆድ በድንገት ካበጠ፣ ከጠነከረ ወይም የወር አበባ ከቀረ ግን ቦርጭ ነው ብለን አንተወው። ለማዳም «አብጋ ሙስተሽፋ» (ሐኪም ቤት እፈልጋለሁ) እንበል።

እግዚአብሔር ጤናችሁን ይጠብቅ።