ልጇ ከሙቀት ክፍል ያልወጣላት አራስ

ከሶዶ ወረዳዋ ከተማ ከቡኢ ሪፈር ተጽፎለት ቡታጅራ ወይም አዲስ አበባ ሙቀት ክፍል የገባ ጨቅላ ሲሞት፣ ሰፈሩ ልጁን አይቶት አያውቅም። ስም ገና አልወጣለትም፤ እጁ ላይ በተለጠፈችው ፕላስተር የተጻፈው የእናቱ ስም ነው። እሷ ግን በየሦስት ሰዓቱ ወተቷን አልባ ወስዳ፣ በአፍንጫው በገባችው ቀጭን ቱቦ ሲሰጠው ቆማ አይታለች። አባትየው ኮሪደር ላይ አድሮ የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ሮጧል። ሁለቱ የሚያውቁትን ልጅ ነው የቀበሩት፤ ጎረቤት የሰማው ወሬውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው «ምን አድርጌ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። እናት ከባድ ዕቃ ያነሳችበትን ቀን፣ የጾመችውን ጾም፣ ዓይን ያረፈባትን ዕለት ስታስብ ታድራለች። የሐኪሞቹ መልስ ሌላ ነው። ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ፣ በጳውሎስ፣ በጋንዲ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ቀናቸው ሳይደርስ በተወለዱ ሕፃናት ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሙቀት ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ከሞቱት 45 በመቶውን የወሰደው የሳምባ አለመብሰል ነው፤ ሳምባ ተጣብቆ እንዳይቀር የሚያደርገው ፈሳሽ ገና በበቂ አልተሠራም። ቀጥሎ ኢንፌክሽን፣ ከዚያም መታፈን ይመጣሉ። ቡዳም መጋኛም እዚህ ውስጥ የሉም። ወላጆች ከሆስፒታል ሳይወጡ ምክንያቱን ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ያን ቀን መስማት ካቃታቸውም ከሳምንታት በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁ ነውር የለውም።

ቤት ሲገቡ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ሴትየዋ አራስ ናት። ደም ይፈሳታል፣ ስፌቷ አልዳነም፣ ጡቷም ልጁ መሞቱን አያውቅም። ስታልብ የከረመች እናት በአንድ ጊዜ ካቆመች ጡቷ ይደድራል፣ ሊመግልም ይችላል። ሲያማት ፋታ እስክታገኝ ያህል ብቻ ጥቂት ማለብ፣ ከዕለት ወደ ዕለት ልዩነቱን ማራዘም፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ፣ ፓራሲታሞል መውሰድ ይረዳል። በመቀነት ጥርቅም አድርጎ ማሰሩ ግን ይጎዳታል። ጡቷ ቀልቶ ከተኮሰና ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ገንፎውና አጥሚቱም አይቅርባት፤ የሚበላው ለወለደች ሴት ነው።

«እግዜር ይተካልሽ»፣ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» የሚለው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ነገር ግን ሐዘኑን ሳይጀመር ይዘጋዋል። በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ገና በጨቅላነት የሞቱ ሕፃናት ያለ ለቅሶ እንደሚቀበሩ፣ እናቶችም ዋጥ አድርገው እንደሚቀሩ አሳይቷል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚጠቅመው እርም የሚወጣበት ጊዜና ቦታ መስጠት ነው። ስም ይውጣለት፣ ዘመድም በዚያ ስም ይጥራው። በእስልምና በሕይወት ተወልዶ የሞተ ሕፃን ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል። በኦርቶዶክስ ክርስትና ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ቢጠመቁም፣ ነፍሱ የሚያሰጋ ሕፃን ቀኑን ሳይጠብቅ መጠመቅ ይችላል፤ ሳይጠመቅ ከሞተ ደግሞ እናትየው ፍርሃቷን ለብቻዋ ከምትይዝ ከነፍስ አባቷ ጋር ትነጋገር። በሕጉም ቢሆን ልጁ አለ፦ ልደቱ በ90፣ ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል።

አባትን «ወንድ ነህ፣ እሷን አጽና» ይሉታል፤ እሱን ማን እንደሚያጸናው አይነገርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ልጁ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል፤ ይጠቀምበት።

ማልቀስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሕፃን ድምፅ የሰሙ ያህል መሰማት በመጀመሪያው ሰሞን በሽታ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያባራ ምግብ ካስጠላ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተ፣ በተለይም «ብሞት ይሻላል» ከተባለ ግን ሐኪም ያስፈልጋል። የቡኢ ሰው በዚህ ረገድ ከብዙ ቦታ የተሻለ ዕድል አግኝቷል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር በሶዶ ወረዳ በሠራው ፕራይም በተባለ ፕሮጀክት፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ድብርትን ጨምሮ የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። ችግሩ ድብርት ራስ ምታትና ድካም መስሎ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ወገቤን አመመኝ ብላ የሄደች እናት «ልጅ ሞቶብኛል» ማለቱን አትርሳ።

«ቶሎ ውለጂ» የሚለው ምክር ደግሞ ለሰውነት አይመችም። የማታጠባ ሴት የወር አበባዋ ሳይመለስ፣ ከወለደች በአራተኛው ሳምንት ገደማ እንኳ ልትፀንስ ትችላለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ነው። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ቀደም ብሎ መነጋገር ይሻላል። በቀጣዩ እርግዝናም የመጀመሪያው ክትትል ላይ የበፊቱ ልጅ በስንት ሳምንት እንደተወለደና በምን እንደሞተ ይነገር፤ ከሆስፒታሉ የተሰጠው ወረቀት ካለ አብሮ ይወሰድ።