ከፍጥነት በፊት ማስታወሻ

ራሊ ሲባል ብዙ ወጣት የሚታየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። በፈረንሳይ ደሴት በኮርሲካ እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረው የአስፋልት ውድድር ግን ሌላ ትምህርት አለው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ «የአሥር ሺህ ኩርባዎች ራሊ» ተብሏል።

ለዓለም ሻምፒዮና አስፋልት የሚዘጋጅ ቡድን አስቀድሞ መኪናዋን ይለውጣል። ለፒስታ ከፍ ብላ የነበረችው ዝቅ ትደረጋለች፤ ሞላዋ ይጠነክራል፤ በ15 ኢንች ቸርኬ ፈንታ 18 ኢንች ይገባላታል፤ ፍሬኗም ይተልቃል።

ከዚያ ሾፌሩና ረዳቱ መንገዱን በዝግታ ይመላለሱበታል። ሾፌሩ እያንዳንዱን ኩርባ አይቶ ይናገራል፤ ረዳቱ ይጽፋል። በውድድሩ ዕለት ረዳቱ ያነባል፤ ሾፌሩም ገና ያላየውን ኩርባ የጓደኛውን ቃል አምኖ ይገባበታል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለ እንኳ አደጋ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1986 ፊንላንዳዊው ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ ውድድሩን እየመሩ ሳለ መኪናቸው በዚሁ ደሴት ከመንገድ ወጥታ ተቃጠለች፤ ሁለቱም ሞቱ። «ግሩፕ ቢ» የተባሉት ኃይለኛ መኪኖችም ከ1987 ጀምሮ ከዓለም ሻምፒዮና ታገዱ።

ወጣቶች ሆይ! ባለሙያዎች ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ መንገድ ይህን ያህል ከተዘጋጁ፣ ሕፃናት በሚሻገሩበት ጎዳና የምንነዳው እኛስ? ረዳት ሆኖ አጠገባችን የተቀመጠ ወንድም ወይም እናት «ቀስ በል» ሲሉን እንስማ።