ትውውቅ፦ የቻይናዋ ርዕሰ መምህርት

በ1904 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁዪ ሺንግ የተባለች የማንቹ ተወላጅ በሃንግዡ ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በመክፈቻው ዕለት በእንግዶች ፊት ክንዷን በስለት ቆርጣ፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ እሷም በሕይወት እንደማትቆይ ማለች። ገንዘብ እንሰጣለን ያሏት ሰዎች ቃላቸውን አጠፉ። በ1905 መጨረሻ ራሷን አጠፋች። መዋጮው የጎረፈው ከሞተች በኋላ ነው፤ ቤጂንግ ውስጥ ታሪኳ በኦፔራ ተሠርቶ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ተሰበሰበበት። ሃንግዡ ዛሬም በስሟ የሚጠራ ትምህርት ቤት አላት።

ቻይና ሴት ርዕሰ መምህርን የምታደንቅበት መለኪያ ከዚያ ወዲህ ብዙም የተለወጠ አይመስለኝም። በዘመናችን ስማቸው የገነነው ዣንግ ጉዊሜይ በተራራማው የዩናን ክፍለ ሀገር፣ በሁዋፒንግ ወረዳ፣ በ2008 ክፍያ የማይጠይቅ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፍተዋል። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም፤ የሚያድሩት ከተማሪዎቻቸው ጋር ነው። በሕመም የደከሙ ጣቶቻቸው በፕላስተር ተጠቅልለው ይታያሉ። በ2021 የኮሚኒስት ፓርቲው ከፍተኛ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ክብሩ ይገባቸዋል። ግን ባል፣ ልጅና ጤና ያላት፣ ማታ ወደ ቤቷ መግባት የምትፈልግ ርዕሰ መምህርትስ?

እንዲህ ያለችው ናት ብዙኃኑ። የወረዳው ትምህርት ቢሮ የሾማት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊያዛውራት የሚችል የመንግሥት ሠራተኛ። ብዙውን ጊዜ የምትነሣው ከክፍል ነው። በቻይና የአንድ ትምህርት መምህራን በየጊዜው አብረው ተቀምጠው ትምህርት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል። ጎበዟ መምህርት ደግሞ ተማሪዎቿን ይዛ መድረክ ላይ ወጥታ፣ አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠሩ ባልደረቦች እያዩዋት ታስተምራለች። ወደ ላይ የምትወጣበት ዋናው መሰላል ይኸው የአደባባይ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ የትምህርት ክፍል ተጠሪነት፣ የማስተማር ሥራ ኃላፊነት፣ ምክትልነት፣ በመጨረሻም ርዕሰ መምህርነት ይከተላል። ለሹመቱ ቢያንስ 300 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። በ1909 የተመሠረተውን የቤጂንግ ሁለተኛ የሙከራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ1997 ጀምሮ ለዓመታት የመሩት ሊ ሊዬም ከዚያ በፊት የሒሳብ መምህርት ነበሩ።

መሰላሉ ላይ የሚወጡት ግን ከታች የቆሙትን አይመስሉም። ከአንደኛ ደረጃ መምህራን ከመቶ ከ70 በላይ ሴቶች ናቸው፤ ወንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር የሴቶቹ ድርሻ ይቀንሳል፤ በገጠር ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱን በሴቶቹ ጠባይ ውስጥ የሚፈልጉ አሉ። እኔ የምፈልገው በአሠራሩ ውስጥ ነው። ከ2001 እስከ 2012 መንግሥት የገጠር ትምህርት ቤቶችን እያጠፈ አንድ ላይ ሲያዋሕድ፣ ከ490 ሺህ በላይ የነበሩት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ 230 ሺህ ገደማ ወረዱ። በየመንደሩ የነበረው ትንሽ የኃላፊነት ወንበር አብሮ ታጠፈ። የቀረው ማዕከላዊ ትምህርት ቤት ትልቅ ነው፤ ከቤት ይርቃል፤ ብዙ ጊዜ አዳሪ ልጆች ስላሉት ኃላፊው እዚያው ማደር ይኖርበታል። በዚያ ላይ ለጣሪያና ለወጥ ቤት የሚሆነው በጀት ከወረዳ ባለሥልጣናት ጋር በሚደረግ ትውውቅ ላይ ይንጠለጠላል፤ ትውውቁም ብርጭቆ በሚነሣበት የእራት ገበታ ዙሪያ ሲጠነክር ኖሯል። እዚያ ገበታ ላይ ሴት እንግዳ ናት።

ሥራውም ረዝሟል። በ2021 የወጣው የቤት ሥራና የግል ማስጠኛ ቅነሳ መመሪያ ለልጆቹ እፎይታ ነው፤ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ የጽሑፍ የቤት ሥራ አይሰጠውም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ከክፍል በኋላም ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ልጆቹን መያዝ አለበት። ወላጆች ልጃቸውን ከሥራ ሲወጡ ይወስዳሉ፤ የርዕሰ መምህርቷን ልጅ ማን እንደሚወስደው መመሪያው አይናገርም። በ2022 ደግሞ ርዕሰ መምህሩ በፓርቲው ድርጅት አመራር ሥር እንዲሠራ ተወሰነ። በትንንሽ ትምህርት ቤቶች ሁለቱን ኃላፊነቶች አንድ ሰው ይይዛል፤ በትልልቆቹ ግን ከርዕሰ መምህርቷ ጎን የፓርቲ ጸሐፊ ተቀምጧል።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ የጡረታው ሕግ ነው። ለረጅም ዘመን ሴት ባለሙያ በ55፣ ወንድ በ60 ዓመት ጡረታ ሲወጡ ኖረዋል። ለሿሚው ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ የ50 ዓመቷ ዕጩ አምስት ዓመት፣ እኩያዋ ወንድ አሥር ዓመት ይቀራቸው ነበር። በ2015 ከፍተኛ የሙያ ማዕረግ ያላቸው ሴቶች እስከ 60 እንዲቆዩ ተፈቀደ፤ በአንደኛ ደረጃ ግን ማዕረጉን የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ከጥር 2025 ጀምሮ የጡረታ ዕድሜው ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ነው። ጭማሪው በ15 ዓመት ውስጥ ሲጠናቀቅ ለሴት ባለሙያዎች 58፣ ለወንዶች 63 ይሆናል። የአምስት ዓመቱን ልዩነት የነካው የለም።